በጾም የማይነካው መፋቂያ

መጀመሪያ ያየሁት ደሙን ነው፤ ሕመሙ ኋላ መጣ። ዐቢይ ጾም ተጋምሶ ነበር። ከቅዳሴ ወጥቼ ወደ ቤት ስገባ ባለቤቴ ትርንጎ በሶ ጨብጣ ሰጠችኝ። አንድ ጊዜ ገመጥሁና ጭብጦውን ከአፌ ሳወጣው የጥርሴ ፈለግ በበሶው ላይ ታትሞ ቀርቷል፤ በፈለጉ ውስጥ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር አለ። በሶ ቀይ አይደለም። ምላሴን በድዴ ላይ አዞርሁት። ብረት ብረት አለኝ።

«ምነው፣ አልጣፈጠዎትም?» አለች ትርንጎ።

ጭብጦውን አሳየኋት። አየችውና ከእጄ ወሰደችው። የቄስ ሚስት ናትና ነገሩን ለማስረዳት ቃል ማባከን አላስፈለገኝም።

ለማያውቅ ግን ልንገር። እኔ ከጋፋት ማዶ ባለው ደጋ፣ ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቅ መንደር የማገለግል ቄስ ነኝ። በሥርዓታችን ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም፤ ካህን ከሆነም ደሙ እስኪቆም ድረስ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ከአፉ ደም እየወጣ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን የሚቀበል ካህን የለም። እኔ ደግሞ ከመቅደስ በቀር ቤቴ የምለው ቦታ አላውቅም። ድቁና የተቀበልሁት የልጅነት ጥርሴን ነቅዬ ሳልጨርስ ነው። ድምፄን ሰው ይወድልኛል፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ስለዚህ ያቺን ቀይ ክር ባየሁ ጊዜ የፈራሁት ለጥርሴ አልነበረም።

በማግሥቱ ወደ ደብራችን አለቃ ሄጄ ነገርኋቸው። አለቃችን ቁጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን አልተቆጡም። አፌን ከፍቼ ካሳየኋቸው በኋላ በጣታቸው አገጬን ወደ ብርሃን አዞሩት።

«የቅዳሴ ሰሞንህን ሌላ ይያዝልህ» አሉኝ። «አንተ ደሙ እስኪቆም ከቅኔ ማሕሌት አትለፍ። ሲቆም እኔው እጅህን ይዤ አስገባሃለሁ።»

ቅኔ ማሕሌት የቤተ ክርስቲያኑ የውጭው ዙር ነው። ደብተራዎቹ የሚዘምሩት፣ ምእመኑም የሚቆመው እዚያ ነው። ክፉ ቦታ አይደለም። ለኔ ግን ከገዛ ቤቴ ደጅ የመቆም ያህል ነበር።

አሁን ስለ መፋቂያው ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነውና። በአገራችን ጥርስ የሚፋቀው ጠዋት ነው። ሰው ከቤቱ ይወጣል፣ ከአጥሩ ወይራ ወይም ልምጭ ወይም ክትክታ ይሰብራል፣ ጫፉን አኝኮ ያለሰልሰዋል፣ ፀሐይ እየሞቀ ይፍቃል፤ የሰፈሩ ወሬ የሚወራውም የሰፈሩ ጥርስ የሚነጣውም ያን ጊዜ ነው። ጾም ሲገባ ግን መፋቂያው ይጠፋል። የእንጨቱ ጭማቂ ጉሮሮን ካለፈ ጾም ተገደፈ ይባላል። መምህሬ እንዲህ ብለውኛል፤ ለእሳቸውም መምህራቸው። ሌላው ሰው እንደ ልቡ ያደርጋል፤ ቀዳሽ ካህን ግን በጾም ቀን እንጨት በአፉ ሲል አይታይም። እስቲ ጾማችንን አስቡት፤ ዐቢይ ጾም አለ፣ የሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት አለ፣ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አለ። መፋቂያ የሚነካበት ቀን ከዓመቱ ምን ያህል ይተርፋል? ይህን ጥያቄ ያን ጊዜ አልጠየቅሁትም። ማንም አልጠየቀውም። በዚያ ላይ ድምፅ ያለሰልሳል እየተባለ ማር በጉንጬ ይዤ የመቀመጥ ልማድ ነበረኝ።

ሕመሙ የመጣው ሆሳዕና ሲቃረብ ነው። በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ ከመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች በአንዱ። ሲጀምር ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ ብቻ ይጠዘጥዘኝ ነበር። ከዚያ ያለ ውኃም ጀመረ። ያን ዘመን ጋፋት ላይ የንጉሡ ሠራተኞች ብረት ይቀጠቅጡ ነበርና ነፋሱ ወደኛ ሲዞር የመዶሻው ድምፅ መንደራችን ድረስ ይሰማል። መዶሻው አንድ ሲል መንጋጋዬ አንድ ይላል። ጋፋት ያለው ሰውዬ ብረቱን ትቶ የኔን ጥርስ የሚመታ ይመስለኝ ጀመር። ምን አድርጌው ነው ብዬ ተቆጣሁት፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም።

መድኃኒት ያልሞከርሁት የለም። ትርንጎ ይፋግ ገበያ ሰው ልካ ቅርንፉድ አስመጣችልኝ፤ እሱን ነክሼ ስይዝ ለጥቂት ጊዜ ይደነዝዝልኛል፣ ከዚያ ሕመሙ የቀረበትን ጭምር ይዞ ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው አደረጉልኝ፤ ጉንጬን አቃጠለው እንጂ ጥርሴን አልነካውም። የጥርስ ትል ታወጣለች የተባለች ጎረቤታችን መጥታ የእምቧይ ፍሬ በፍም ላይ አጨሰችና በቀንድ ጭሱን ወደ አፌ መራችው። ዓይኔ እስኪፈስ አለቀስሁ። ከሥር ባስቀመጠችው ውኃ ላይ ነጭ ነገር ተንሳፎ «ይኸው ትሉ!» አለችኝ። በጣቴ አነሣሁት። የእምቧዩ ዘር ነው። ደግ ሴት ስለሆነች አመስግኜ ሸኘኋት፤ ሕመሙ ግን አልተሸኘም።

ፋሲካን ከውጭ ሆኜ ሰማሁት። መጋረጃው ሲከፈት፣ ጓደኞቼ ከውስጥ ሲያዜሙ፣ እኔ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከምሰሶው ሥር ቆሜያለሁ። ሕዝቡ ዜማውን ሲቀበል አፌን ከፍቼ መቀበል አልቻልሁም። እንዴትስ እችላለሁ? ያን ዕለት አፌ ከጣት ስፋት በላይ አይከፈትም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እጽፈዋለሁ።

ፊቴ አበጠ። ቆዳዬ ተወጥሮ አብለጨለጨ። አገጬ ከአንገቴ ጋር አንድ ሆነ። አፌ ተቆለፈ። እህል ቀረ። ትርንጎ የገብስ አገዳ ቆርጣ በእሱ አጥሚት ትሰጠኝ ነበር። ትኩሳት ያዘኝ። ብርድ ያዘኝ። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ከዚያ ትንፋሼ መፉጨት ጀመረ።

ሞትን ያን ጊዜ አየሁት። ከአንድ ባቄላ በማትበልጥ ነገር።

ትርንጎ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች። «እባክዎ በጥርስ አይሙቱብኝ» አለችኝ። «ሰው በምን ሞቱ ሲለኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ይህን ስትል እያለቀሰች ነው። ልስቅ ፈለግሁ። አንጀቴን በላችው። መሳቂያ አፍ ግን አልነበረኝም።

ተነሥታ ሄደችና አያ ዋሴን ይዛ መጣች። አያ ዋሴ ከከተማው ዳር የሚኖሩ ወጌሻ ናቸው፤ የተሰበረ ያስራሉ፣ የወለቀ ይመልሳሉ፣ ጥርስ ይነቅላሉ። ዝምታ የሚባል አልፈጠረባቸውም። በደጃፉ ሲገቡ ጀምሮ የማንን ክንድ እንዳሰሩ፣ የየትኛውን ደጃዝማች ጥርስ እንደነቀሉ ይተርካሉ፤ ለጤነኛ ሰው ጥርስ የማያስከድን ጨዋታ ነው። የኔን ፊት ሲያዩ ግን አቋረጡት። በበሩ ብርሃን አስቀመጡኝና በአውራ ጣታቸው ከመንጋጋዬ ሥር ቀስ አድርገው ጫን አሉኝ። ጮኽሁ።

«ዛሬ አልነቅለውም» አሉ ለትርንጎ። «እንዲህ አብጦ ብነቅለው መርዙ ወደ ደረታቸው ይወርዳል። መጀመሪያ መግሉ ይፍሰስ።»

ከአቁማዳቸው ዕቃቸውን አወጡ፤ ምላጭ፣ የወይራ ሽብልቅ፣ ደግሞም አዲስ የሚያብረቀርቅ ጉጠት። ጉጠቱን ሳይ ዓይኔ ፈጠጠ። ጋፋት ያለ ቀጥቃጭ የሠራላቸው ነው። በአገራችን ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል፤ የሠራውን ማረሻ እንገዛለን፣ እሱ ባለበት ግን አፋችንን ሸፍነን ነው የምንበላው። እንግዲህ ይህ ብረት ሊገባ ያለው እዚያው የሚሸፈነው አፌ ውስጥ ነው። አያ ዋሴ ፊቴን አይተው ገባቸው።

«ቄስ አይደሉ እንዴ? ይባርኩትና ይግባ» አሉኝ።

በተቆለፈ አፍ፣ በጥርሴ መሐል ፊደል እየሾለከ፣ መስቀሌን አንሥቼ ጉጠቱን ባረክሁት። ትርንጎ «አሜን» አለች። በዘመኔ ከደገምኋቸው ጸሎቶች ሁሉ ጥቂት ቃል የተሰማበት እሱ ነው፤ ከልቤ የወጣ እንደ እሱ ግን የለም።

ሽብልቁን በጥርሴ መካከል አስገቡ። ገፉት። መንጋጋዬ ተንቋቋ። ትርንጎ ራሴን ከደረቷ ጋር አጥብቃ ያዘች። ምላጩ ገባ።

ፈሰሰ።

ከዚያ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ይደንቀኛል። የወጣው ነገር ብዙ ነው፣ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ትርንጎ ግን ፊቷን አላዞረችም። እኔ ያስተዋልሁት ሌላ ነገር ነው። ጋፋት መዶሻው እንደ ወትሮው ይመታል፤ አንድ፣ ደግሞ አንድ። መንጋጋዬ ግን መልስ አልሰጠም። ዝም አለ። ከሆሳዕና ወዲህ ያን ዝምታ አልሰማሁትም ነበር። በሰው አካል ውስጥ እንዲህ ያለ ሰላም እንደሚኖር፣ ዕድሜዬን ሙሉ በውስጤ ይዤው ስዞርም ልብ እንዳላልሁት ያን ጊዜ አወቅሁ። ጤነኛ ጥርስ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ነው ማንም የማያመሰግነው።

ትርንጎ አሞሌ ጨው ፈጭታ ለብ ባለ ውኃ እየበጠበጠች አፌን አስጉመጠመጠችኝ፤ በበላሁ ቁጥር፣ በተኛሁና በተነሣሁ ቁጥር። እብጠቱ ጎደለ፣ አፌ ቀስ በቀስ ተከፈተ። ሁለት ጣት ሲገባ አያ ዋሴ ተመልሰው መጡ። ራሴን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ ጉጠቱን አስገብተው፣ ጥርሱን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ እያነቃነቁ፣ ስለ ደጃዝማቹ ጥርስ የጀመሩትን ወሬ እየጨረሱ ነቀሉት። አስጮኸኝ፤ ግን አጭር ጩኸት ነበር። ጥርሱን በመዳፌ አኖሩልኝ። እንደ መንሽ ሁለት እግር አለው። ከላይ ጥቁር ቀዳዳ ነበረበት፤ ስንጥር ብሰድበት እስከ ሥሩ ወረደ። ውስጡ ባዶ ነው። ከውጭ ለሚያየው ግን ደህና ጥርስ ይመስላል።

አያ ዋሴ ከዚያ የቀረውን አፌን መረመሩ። በጣታቸው ድዴን ሲነኩት ደሙ ብቅ አለ።

«መፋቂያ መቼ ነው የሚፍቁ?» አሉኝ።

«በፍስክ» አልኋቸው።

«በጾምሳ?»

«በጾም ካህን ይፍቃል እንዴ?»

ጉጠታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆዩ። «የጾሙን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የማውቀው የምነቅለውን ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። በየዓመቱ ፋሲካ ሲያልፍ ደጄ ይሞላል። የገበሬ አፍ ይመጣል፣ የወታደር ይመጣል። የሚበዛው ግን የቄስ አፍ ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ። እኔ እናንተ ብዙ ስለምታዜሙ ጥርሳችሁ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።»

ሄዱ። እኔ ግን ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም። ድዴ እየደማ ነው፤ ጥርሱ ተነቀለ እንጂ ደሙ አልቆመም፤ ደሙ ካልቆመ ደግሞ መቅደስ አልገባም። ደሙ እንዲቆም ከተፈለገ መፋቅ አለብኝ። ከፋቅሁ ጾሜን እገድፋለሁ። የሐዋርያት ጾም ሊገባ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ፍልሰታ አለ። በየትኛውም በኩል ብዞር መቅደሱ ዝግ ነው። ያን ዕለት አለቀስሁ፤ በምላጩ ጊዜ ካለቀስሁት ይበልጥ።

«ለነፍስ አባትዎ ይንገሯቸው» አለችኝ ትርንጎ።

የነፍስ አባቴ ጣራ ገዳም የሚኖሩ አረጋዊ መነኩሴ ናቸው። የርብ ወንዝ ሳይሞላ ልድረስ ብዬ በቅሎ ተውሼ ተነሣሁ። የተነቀለው ቦታ ገና ትኩስ ነበርና በመንገዱ ሁሉ ምላሴ ከጉድጓዱ አልወጣም፤ መጀመሪያ ጥልቅ ነበር፣ ይፋግን ሳልፍ ጠርዙ የለሰለሰ መሰለኝ፣ የገዳሙን ዳገት ስጀምር ደግሞ ከሥሩ አንድ ነገር እየተነሣ እንደሆነ ተሰማኝ፤ ማንም ሳያዘው፣ እኔ በቅሎ ላይ ሆኜ ስለ ሌላ ሳስብ፣ ሥጋዬ የራሱን ጉድጓድ እየደፈነ ነበር። ዝናም የነካው ጫካ ይሸታል፤ ወፎቹ ይጮኻሉ፤ እኔም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ አፌ አየር ሳብሁ። እግዚአብሔር በሰው መንጋጋ ውስጥ ስንት ሥራ እንዳለው አስቤ ከበቅሎዋ ወርጄ ሰገድሁ።

አባታችንን ከዋሻቸው በር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገሬን ሁሉ ሰሙ። ሲሰሙ ፈገግ እያሉ ነው፤ እኔም ንግግሬን እየተናገርሁ አፋቸውን አያለሁ። ከአለቃችን በዕድሜ ይበልጣሉ። ጥርሳቸው ግን ሙሉ ነው። አንድ የጎደለ የለም። ጾማቸው ከኔ ይበዛል እንጂ አያንስም።

«ጠዋት የምትፍቀው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ልማድ ነው፣ አባታችን።»

«በጾም እህል የምትቀምሰው መቼ ነው?»

«ከቅዳሴ በኋላ፣ ወደ ማታ።»

«ከበላህ በኋላስ?»

«እጸልያለሁ፣ እተኛለሁ።»

«የበላህበት ወጭት ሳይታጠብ ያድራል?»

«የለም፣ ትርንጎ ታጥበዋለች።»

«አፍህንስ?»

ከቆባቸው ሥር አጭር የወይራ እንጨት አወጡ፤ ጫፉ ታኝኮ እንደ ጭራ የለሰለሰ ነው።

«ጠዋት ጾም ነው ብለህ ተውህ፤ ደግ አደረግህ» አሉኝ። «ማታ ግን ማን ከለከለህ?»

መምህሬ፣ የመምህሬ መምህር፣ የደብሩ ካህናት ሁሉ፣ ስንቱን ድጓ በቃላችን የያዝን ሰዎች፣ ጠዋት ስለተከለከለ ማታም ያለ አይመስለንም ነበር። ማታ እዚያው ነበረ። በየቀኑ ይመጣ ነበር። እጅግ የቀረበ ነገር እንዲህ ርቆ ሲኖር አይቼ አላውቅም፤ ፊታቸው ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። እሳቸው ሳቁብኝ። «ማሩንም ዋጠው» አሉኝ ስነሣ። «በጉንጭህ አታሳድረው። ከዋጥህም በኋላ ውኃ ተጉመጥመጥ።»

ቤቴ እንደ ገባሁ ከአጥራችን ወይራ ቆረጥሁ። የዕለቱ እራት ሲነሣ ከደጃፉ ተቀምጬ ፋቅሁ። ትርንጎም ልምጭ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ ድዷን በልጅነቷ የተነቀሰች ናት፤ ስትስቅ ጥርሷ ከጠቆረው ድድ ላይ ነጥቶ ይታያል፤ የኔን አፍ ደግሞ ጋቢ ከሸፈነው ስንት ጊዜው ነው። ጎረቤት በደጃችን ሲያልፍ ቆም ይላል። «ምነው አባ፣ ነጋልዎት እንዴ?» ይሉኛል። በአፌ እንጨት ስላለ አልመልስም።

ለሚታመም ሰው ይህን አጥብቄ ልንገረው፤ መጀመሪያ ላይ ደሙ ባሰ። በፋቅሁ ቁጥር ከፊተኛው ይበልጥ ይደማል። ደነገጥሁ። ልተወው ነበር። አያ ዋሴ በመንገድ ሲያልፉ ጠየቅኋቸው፤ «የሚደማው ቆሻሻው የተቀመጠበት ነው፤ ቀስ ብለው ይፋቁት እንጂ አይሽሹት» ብለውኝ አለፉ። አልሸሸሁም። ጫፉን በደንብ እያኘክሁ፣ ከድድ ወደ ጥርስ፣ ከውስጥም ከውጭም፣ ቀስ እያልሁ ፋቅሁ፤ ከዚያ በጨው ውኃ እጉመጠመጣለሁ። ሰኔ አልፎ ክረምቱ ሲከብድ፣ ጭቃው ሰውን ከቤት ሲያውል፣ ትርንጎ በየቀኑ የዕለቱ ጾም ሲፈታ በሶ ጨብጣ ታመጣልኛለች፤ እገምጣለሁ፣ ሁለታችንም ወደ በሩ ብርሃን ይዘነው እንሄዳለን፣ ቀዩን ክር እንፈልጋለን። አንድ ቀን ወፍራም ነው፣ አንድ ቀን ይቆራረጣል፣ አንድ ቀን በአንድ ጥርስ ፈለግ ብቻ ነጥብ ሆኖ ይታያል። እንደ እሷ ያለ በሶ የሚመረምር ሰው አላየሁም፤ ዓይኗን ከጭብጦው ላይ አስጠግታ ትንፋሿን ትይዝ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። የደብረ ታቦር በዓል ቀረበ፤ የአገራችን ከተማ የተጠራበት በዓል ነው፤ ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል። በዋዜማው፣ የዕለቱ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ በሶውን ገመጥሁ። ትርንጎ ተቀበለችኝ። አገላበጠችው። ደግማ አገላበጠችው። ከዚያ እንደያዘችው ወደ ጓሮ ሮጠች፤ ብርሃኑ እዚያ ይሻላል ብላ። ተመልሳ ስትመጣ መናገር አልቻለችም፤ ጭብጦውን ብቻ ዘረጋችልኝ። የጥርሴ ፈለግ ዙሪያውን ታትሟል፤ በቀኝ በኩል የተነቀለው ቦታ ባዶ ነው። የቀረው ሁሉ ንጹሕ ነው።

ጭብጦውን በቅጠል ጠቅልዬ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ወደ አለቃችን ሄድሁ። ሽማግሌው በሶውን ተቀብለው ወደ እሳቱ አስጠጉት። አፌንም አስከፍተው አዩ፤ ድዴን በጣታቸው ጫን አሉት። ጣታቸውን አዩ።

«ምን አድርገህ ዳንህ?» አሉኝ።

«በጾሙ ፍቄ ነው።»

ግንባራቸው ሲቋጠር አየሁ። የነፍስ አባቴን ቃል እንደ ሰማሁት ነገርኋቸው፤ ማታ ማን ከለከለህ ያሉኝን። ቁጣቸው ከፊታቸው ላይ እየጠፋ ሄደ። ምላሳቸው በጉንጫቸው ውስጥ ከጥርስ ወደ ጥርስ ሲሄድ፣ ከጎደለው ላይ ሲቆም አየሁት። በማግሥቱ እንደ ቃላቸው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

ስለዚያ ቅዳሴ ብዙ አልጽፍም። አፌን ከፈትሁ፤ ድምፄ ወጣ። በጎደለው ጥርስ በኩል ትንሽ ነፋስ ይሾልካል፤ እስከ ዛሬም ይሾልካል። ቤቴ ስመለስ አፌን እንደ ቆራቢ ልማድ በጋቢዬ ሸፍኜ ነበር። የመሸፈኛው ሰዓት ሲያልፍ ትርንጎ ጋቢውን በጣቷ ዝቅ አደረገችው።

«እስቲ ይሳቁልኝ» አለችኝ።

ሳቅሁላት። ብዙ አየችኝ። «ከተጋባን ጀምሮ ጥርስዎን እንዲህ አላየሁትም» አለች።

እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ሥጋን ራሱን እንዲደፍን አድርጎ ለሠራው። ትርንጎን አመሰግናለሁ፤ ፊቷን አላዞረችም። አያ ዋሴን፣ የነፍስ አባቴን፣ ያን የማላውቀውን የጋፋት ቀጥቃጭ ጭምር አመሰግናለሁ፤ ጉጠቱ ብዙ ክፉ ስም ቢሰጠውም ሕይወቴን ያተረፈው እሱ ነው። ይህን የምታነብ ሆይ፣ በበሶህ ላይ ቀይ ክር ካየህ ሕመሙን አትጠብቅ። ፊትህ ካበጠና አፍህ መከፈት እንቢ ካለ ለጭስና ለሽንኩርት ቀን አትስጥ፤ ለሚያውቅ ሰው ላክ። ማታ ከበላህ በኋላ፣ ጾምም ሆነ ፍስክ፣ ፋቀው። ልጆችህንም አጠገብህ አስቀምጣቸው፤ ማታው ለእነሱም አለ።

የሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ አያ ዋሴ በደጃችን ሲያልፉ ገቡ። አቁማዳቸውን አውርደው ከመደቡ ተቀመጡ። ወሬ አልጀመሩም፤ ያመማቸው መሰለኝ።

«ምነው አያ ዋሴ?» አልኋቸው።

«ዘንድሮ ቄስ አልመጣልኝም» አሉ። «ምን ነካቸው? አለቃችሁን ትናንት ማታ በአጥራቸው ሥር እንጨት በአፋቸው ይዘው ሳያቸው አብደዋል ብዬ መስቀል ሳልሳለም ሸሸሁ።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው አጎንብሰው አፌን አዩ።